ሰይጣን አለበት የተባለውን ቤት ገዛን

ቤቱን ያሳየን ደላላ ከሳሎኑ አላለፈም። "እናንተ ግቡና እዩት፣ እኔ ስልክ ልደውል" ብሎ በረንዳው ላይ ቀረ። ባለቤቴ አንገቱን ቀና አድርጎ ኮርኒሱን ያያል። እኔ ሳንቃውን በእግሬ መታ መታ አደርጋለሁ። ከሳሎኑ ጀርባ አንዲት ጠባብ ጓዳ አለች። መስኮት የላትም። በሯን ስከፍት የታመቀ፣ አፈር አፈር የሚል ሽታ ፊቴን መታኝ። ያኔ ያሰብኩት "ነጭ ቀለም ብትቀባ ታምራለች" ብቻ ነበር።

ደላላው ለምን ወደ ውስጥ እንዳልዘለቀ የገባኝ ቀብድ ከከፈልን በኋላ ነው።

ቤቱ ከራስ መኰንን ድልድይ ብዙም አይርቅም። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት የጊዮርጊስ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ግድግዳው የባሕር ዛፍ ማገር ላይ የተመረገ ጭቃ ሆኖ ላዩ በኖራ ተለስኗል። ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ ወለሉ ሳንቃ ነው። ከፊቱ የእንጨት በረንዳ አለው። ባለቤቴ አራዳ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ሲያይ ልቡ ይደነግጣል። ዋጋው ደግሞ በአካባቢው ከሚጠራው ሲሶ ያህል ዝቅ ያለ ነበር።

ቀብዱን በከፈልን ማግስት ቤቱን እንደገና ላየው ብቻዬን ሄድኩ። ከፊት ለፊት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እማማ አሉ። ከበራቸው ላይ ቆመው አዩኝ።

"ልጄ፣ ገዛችሁት እንዴ?"

"አዎ እማማ፣ ቀብድ ከፍለናል።"

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "በስመ ሥላሴ! ምነው ሳትጠይቁ? ይሄ ቤት እኮ ሰው አያስቀምጥም።"

ከዚያ ነገሩኝ። ሰይጣን አለበት። ሌሊት ደረት ላይ ይቀመጥና ያፍናል። ድሮ አንድ ዘበኛ ጓዳዋ ውስጥ ተኝቶ ቀርቷል። ከእሱ በኋላ አንዲት ተከራይ ሴትዮ ከነልጇ እንደተኛች ቀርታለች። ሰውነታቸው ላይ ጭረት እንኳ የለም። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ከዚያ ወዲህ የገባው ሁሉ አመት ሳይሞላው ይወጣል።

"መቼም ጊዜ አይደለም የሚነሳው" አሉኝ። "ብርድ ሲገባ ነው። ክረምትና ኅዳር።"

ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ሰምቼ አሳለፍኳት። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ እሱ ነው። መልሱ እዚያው ነበር፣ ፊት ለፊቴ።

ሁለት ሌሊት እኔም ባለቤቴም አልተኛንም። ቀብዱን ትተን እንውጣ ወይስ እንቀጥል? እኔ ያደግሁት ሰይጣን እንዳለ በሚያምን ቤት ነው፣ አሁንም አምናለሁ። ባለቤቴም ያምናል። ግን "የሰው ወሬ ነው ወይስ እውነት፣ እንዴት እናውቃለን?" የሚለውን መመለስ አቃተን። በመጨረሻ ወሬውን ወደ ጎን አድርገን የሚጨበጠውን ለማጣራት ተነሳን።

በመሀል ከተማ አሮጌ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ካለ ይህን ልንገረው። አንደኛ፣ ቤቱ በእርግጥ የሚሸጥ ቤት መሆኑን አረጋግጡ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ፣ ትርፍ ቤቶችም ተወረሱ። በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስ ካሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ከዚያ ጀምሮ የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ናቸው። ነዋሪው ሊሸጣቸው አይችልም። እኛ የገዛነው የሟች ባለቤት መኖሪያ ስለነበር በግል ይዞታነት የቀረ ነው። ካርታውን ግን በሻጮች እጅ አይተን ብቻ አላመንንም። ክፍለ ከተማ ሄደን ከማኅደሩ ጋር አመሳከርን። ዕዳና ዕገዳ እንደሌለበት ማስረጃ እንዲያወጡልን አደረግን።

ሁለተኛው ነገር ለወሬውም መልስ ሰጠን። ቤቱ ለዓመታት ተዘግቶ የቆየው ወራሾች ፍርድ ቤት ሲካሰሱ ነው። ክርክሩ እስኪያልቅ ለአጭር ጊዜ ያከራዩታል፣ አንዱ ወራሽ ሌላው ያስገባውን ያስወጣል። ሰፈሩ የሚያየው የሚወጣውን ተከራይ ነው፣ መዝገቡን አያይም። ስለዚህ የወራሽነት ማስረጃ ጠየቅን፣ የሁሉንም ፊርማ ወይም ውክልና ጠየቅን። ሻጭ ባለትዳር ከሆነ ደግሞ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን በግልጽ ያስቀምጣል። ቦታው በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ ይግባ አይግባ፣ ቤቱ በቅርስነት ይመዝገብ አይመዝገብ ጠየቅን። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ላይ ሲደርስ ያየ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ገንዘብ አያወጣም።

ውሉን ተዋውለን ስም አዛወርን። በውላችን ላይ ጓዳዋ ውስጥ ሰው ስለመሞቱ አንድ መስመር የለም። እኛም አልጠየቅንም፣ ሻጮችም አልነገሩንም። በኋላ እንዳነበብኩት በ1991 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ እንዲህ ያለ ጉዳይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሷል። ሻጯ ቤቷ ውስጥ መናፍስት እንዳሉ ለጋዜጣና ለመጽሔት ስታወራ ኖራ ለገዢው ግን አልነገረችውም። ፍርድ ቤቱ ገዢው ከውሉ እንዲወጣ ፈቀደለት። ወሬ የቤቱን ዋጋ ይነካል፣ ስለዚህ ለገዢው ሊነገር ይገባል ነው ነገሩ። እኛ ብንጠይቅ ኖሮ ሻጮቹ ቢያንስ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሞተ ይነግሩን ነበር።

ግንቦት ላይ ገባን። የነፍስ አባታችን መጥተው ጸሎት አድርሰው ጠበል ረጩ። ደስ የሚል ቀን ነበር። ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጎረቤት ሁሉ መጣ። እማማ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጠጡ። ግቡ ብንላቸው እንቢ አሉ።

ድምፁ የጀመረው የዚያኑ ሳምንት ነው። ሌሊት ጣራው "ጓ!" ይላል፣ ልክ ድንጋይ እንደተወረወረበት። ኮርኒሱ ላይ እግር ይሄዳል። የሳሎኑ በር ተዘግቶ አድሮ ጠዋት ገርበብ ብሎ ይገኛል። አቡጀዲው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሲተነፍስ ትላላችሁ። ልጄ በፍርሃት እኛ አልጋ ላይ መተኛት ጀመረች።

እነዚህን አንድ በአንድ ደረስንባቸው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ምስማሩ ላይ ሲንሸራተት ይጮሃል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቀኑና ሌሊቱ በጣም ይለያያል። በሩ የሚከፈተው ሳንቃው ወደ አንድ ወገን ስላዘነበለና መቆለፊያው ስላለቀ ነው። አቡጀዲው የሚተነፍሰው ከቆርቆሮው ስር ንፋስ ሲገባ ነው። እግሩን ያገኘው ባለቤቴ ነው። አንድ እሑድ ኮርኒሱን በአንድ ጥግ ቀዶ ባትሪ ይዞ ወጣ። ሲወርድ ፀጉሩ አቧራ ለብሷል፣ እጁ ላይ የዶሮ ላባ ይዟል። "ሽለምጥማጥ ነው" አለኝ። ለካ የሰፈሩን ዶሮ እየሰረቀ እኛ ጣራ ስር ነው የሚበላው። ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ዘጋን። ኮቴው በዚያው ቀረ።

ያን ሰሞን ልቤ ሞላ። "አየሽ፣ ወሬ ነው" እያልኩ ለራሴ እነግራለሁ። ሁሉን የፈታን መስሎኝ ነበር። ጓዳዋን ግን ገና ማንም አልተኛባትም።

እናቴ የመጣችው በጥቅምት ነው፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለው ቀዬዋ። እግሯን ስለሚያማት ልናሳክማት ነው ያመጣናት። ጓዳዋን ቀለም ቀብተን፣ ምንጣፍ አንጥፈን፣ አልጋ ዘርግተን ሰጠናት። እናቴ ዕድሜዋን በብርድ አገር ኖራለች። እሳት አጠገቧ ከሌለ እንቅልፍ አይወስዳትም። ማታ ቡናችንን ጠጥተን በረካው ካለቀ በኋላ ፍሙን ከነማንደጃው አንስታ ጓዳዋ ታስገባለች። "ጭስ የለውም፣ ፍም ብቻ ነው" ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ጭስ አልነበረውም።

ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት ጠዋት ራሷን ማመም ጀመረ። "ዱካክ ያዘኝ" አለች። ሌሊት ደረቷ ላይ የሚጫናት ነገር አለ። ልትነሳ ስትል እግሯ አይታዘዝም። አንድ ቀን ደግሞ የሞተችው እህቷ ስሟን ጠርታ እንዳስነሳቻት ነገረችኝ። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔም ሰውነቴን ወረረኝ።

ማርፈጃው ላይ በረንዳ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ ይለቃታል። ኪዳን ለማድረስ በሌሊት ጊዮርጊስ የሄደች ቀን ደግሞ ፍጹም ደህና ሆና ትመለሳለች። እኛ ይህን ምን ብለን ተረጎምነው? "አየሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ይሸሻል።" አሁን ሳስበው ከዚያች ክፍል ወጥታ ንጹሕ አየር ያገኘችባቸው ሰዓታት ናቸው። ያን ጊዜ ግን ማስረጃ መሰለን።

አንድ ሌሊት አብሬያት ልተኛ ብዬ ገባሁ። እማማ በመከሩን መሠረት ፍሙ ላይ ዕጣንና ከርቤ ጨምረናል፣ ክፉ ነገር እንዲርቅ። ከበሩ ስር ንፋስ እንዳይገባ ጨርቅ ጠቅጥቀናል። ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም፣ ነቃሁ። ጨለማው ውስጥ የፍሙ መቅላት ብቻ ይታያል። ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። ልቤ በኃይል ይመታል። እጄን ላነሳ ብል እጄ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ከአልጋው ግርጌ ሰው የቆመ መሰለኝ። "እመቤቴ ማርያም!" ብዬ ጮህኩ፣ ድምፄ ግን አልወጣም። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ከአልጋው ወድቄ በእንብርክኬ በሩ ጋ ደረስኩ። ሳሎኑ ውስጥ ትንሽ ቆይቼ ተሻለኝ። እናቴን ቀስቅሼ አወጣኋት። ጠዋት ለባለቤቴ "እውነት ነው፣ አይቼዋለሁ" አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሳሎን እንድትተኛ አደረግን። ብርዱ ግን አልቻለችም፣ የሳሎኑ በር ገርበብ ይላል። አምስት ቀን ያህል ታግሳ "ጠበሌን ጠጥቼ እተኛለሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" ብላ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ዕጣኑም በየማታው ቀጠለ። ሰይጣኑን እናርቅበታለን ያልነው ፍም ነበር ሰይጣኑን የሚያመጣው።

ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን፣ እንደ ሰፈሩ ሁሉ እኛም ግቢያችንን ጠርገን ቆሻሻውን አቃጠልን። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው ይባላል። አያቶቻችን በሽታን በጭስ ያባርሩ ነበር። ከዚያ በሳምንቱ ሌሊቱ በጣም በረደ። ልጄ "አያቴ ጋ ልተኛ፣ እዚያ ይሞቃል" አለች። ሰባት ዓመቷ ነው። ሳምኳትና ሸፍኛት በሩን ዘጋሁ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የሚጎተት ነገር ሰማሁ። ወጥቼ መብራት ሳበራ ልጄ የጓዳው ደፍ ላይ ተደፍታለች። ታስመልሳለች። "እማዬ፣ ራሴን" አለችኝ። አንገቷ አልቆም ይላል። ገብቼ እናቴን ነቀነቅኳት። አልነቃችም። ጠራኋት፣ በጥፊ መታኋት፣ አልነቃችም። ባለቤቴ ብብቷ ስር ገብቶ በረንዳ ላይ ጎትቶ አወጣት። ጩኸቴን ሰምቶ ጎረቤት ሁሉ መጣ። አንዱ ወተት ይዟል፣ አንዷ ሎሚ፣ አንዷ ጠበል። "ተነሳ! ያ ነገር ተነሳ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወተቱን አፏ ውስጥ ሊጨምሩ ሲሉ ባለቤቴ ከለከለ። በኋላ ሐኪሙ ልክ አድርጓል አለን። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ወደ ሳንባው ይሄዳል።

በጎረቤት መኪና ሆስፒታል ወሰድናቸው። የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው። እናቴ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያውን ሰካ፣ 98 አለ። እኔ ደህና ናት ብዬ ተነፈስኩ። እሱ ግን ቁጥሩን አላመነውም። ወደ እኔ ዞሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

"የተኙበት ክፍል ውስጥ ከሰል ነበር?"

"ፍም ነበር፣ ግን ጭስ የለውም" አልኩት።

ወዲያው ሁለቱንም ኦክስጅን አደረገላቸው። ትንሽ ሲረጋጋ አስረዳኝ። ከሰል ጭሱ ቢያልቅም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አያልቅም። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ግን በውስጡ ይታፈናል። ጣት ላይ የሚሰካው ተራ መለኪያ ደግሞ ሁለቱን አይለይም፣ ጋዝ የያዘውንም ደም ኦክስጅን እንደያዘ ቆጥሮ ጥሩ ቁጥር ያሳያል። ኮሮና ከመጣ ወዲህ ብዙ ሰው ይህን መለኪያ ቤቱ አለው። እባካችሁ ከሰል ባለበት ቤት ለታመመ ሰው ቁጥሩን አይታችሁ አትዘናጉ።

የደረት መጫኑን፣ የእግሩን አለመታዘዝ፣ የተጠራውን ስም፣ ግርጌ የቆመውን ሰው ሁሉ ነገርኩት። አንዱም አልገረመው። አንጎል ኦክስጅን ሲያጣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይሰማል አለኝ። በኋላ ሳነብ ይህ ከጥንትም የታወቀ መሆኑን አየሁ። በ1921 እ.ኤ.አ. ዊልያም ዊልመር የሚባል አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም አንድ አሮጌ ቤት የገባ ቤተሰብ የደረሰበትን ጽፎ አሳትሟል። ሌሊት ኮቴ ይሰማሉ፣ ሰው የሚያያቸው ይመስላቸዋል፣ ልጆቹ ይገረጣሉ፣ ራስ ምታት አይለቃቸውም፣ ቤት ውስጥ ያለው ተክል ሳይቀር ይሞታል። ሲታይ የቤቱ ማሞቂያ ምድጃ ተበላሽቶ ጋዙን ወደ ውጭ በመልቀቅ ፈንታ ወደ ክፍሎቹ ይልካል። ያን ሳነብ የእናቴን ጥቅምት የማነብ መሰለኝ።

ልጄ በዚያው ቀን ከሰዓት ተነስታ ተጫወተች። እናቴ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው በደንብ ያወቀችኝ። ለሳምንታት ነገር ይጠፋባት ነበር። አሁን ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። እናቴ በአገሯ ሌሊቱን ሙሉ እሳት አጠገብ ነው የኖረችው። ለምን እዚያ እንዲህ አልሆነችም? መልሱን የሰጠን ግንበኛ ነው። የሣር ቤት ይተነፍሳል፣ ጭሱም ጋዙም በሣሩ መሀል ይወጣል። የኛ ጓዳ ግን ታሽጋለች። ግንበኛው የኋላውን ግድግዳ በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ልስኑን ፈልፍሎ ሲያነሳው ብሎኬት ወጣ። በጭቃ ቤት መሀል ብሎኬት! ብሎኬቱን ሲያወጣ ደግሞ የድሮ የመስኮት እንጨት፣ ማጠፊያው ዝጎ፣ አረንጓዴ ቀለሙ ገና እንዳለ። ለካ ጓዳዋ መስኮት ነበራት። አንድ ጊዜ ከኋላ ጎረቤት ጋር በወሰን ሲጣሉ ነው የደፈኑት።

እንግዲህ ያ ዘበኛም፣ ያቺ እናትና ልጇም የሞቱት ከዚያ በኋላ መሆኑን ሽማግሌ ጠይቀን አረጋገጥን። ሁሉም በዚያች ክፍል፣ ሁሉም በብርድ ወቅት፣ ሁሉም በሩን ዘግተው። ምን እንደነደደ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሰይጣን የሚለው ስም ጥያቄውን ዘጋው። ሌላው ተከራይ ሲገባ የሚነገረው "ተጠንቀቅ፣ ዕጣን አጭስበት" ነው።

እማማን ልነግራቸው ሄድኩ። መሶባቸውን ትተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ብዙ ቆይተው "ፍሙን የሰጠኋት እኔ ነኝ" አሉ። ያን ማታ ያቺ ሴትዮ ከሰል አልቆባት እሳት ልትዋስ መጥታ ነበር። ልጇ ሳል ነበረበት። ከምጣዳቸው ስር ጭረው በአካፋ ሰጧት። "እንዲሞቀው ብዬ እኮ ነው" አሉኝ። ምን እንደምል ጠፋኝ። እጃቸውን ይዤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሰው የማያውቀውን ነገር ሊጠነቀቅ አይችልም፣ ይህን ብላቸውም እንባቸው አልቆመም።

ይህን ጽሑፍ ለማሳጠር ብፈልግም የሚከተለውን ሳልል አልጨርስም። ጠዋት ራስ የሚያም፣ ከቤት ሲወጡ የሚለቅ፣ ከአንድ ሰው በላይ የሚይዝ፣ በብርድና በዝናብ ወቅት የሚብስ "ነገር" ካለ መጀመሪያ ከሰሉን አስቡ። ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ የልብ መምታት፣ የጉልበት መክዳት አብረው ይመጣሉ። ሰው ወድቆ ካገኛችሁ በሩን ከፍታችሁ ወዲያው ወደ ውጭ አውጡት፣ እናንተም ውስጥ አትቆዩ። 939 የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ መቆጣጠሪያ ነው፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ። ሆስፒታል ስትደርሱ "ከሰል ነበር" ብላችሁ ንገሯቸው፣ ባይጠይቋችሁም። በሩ ዝግ ክፍል ውስጥ ጄኔሬተር ማስነሳትም ያው ነው። ነገሩ የአሮጌ ቤት ብቻ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ክፍል በብሎኬትና በመስታወት ተዘግቶ ከጭቃ ቤት የበለጠ ይታሸጋል፣ መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ሁሉም ከሰል ያቀጣጥላል።

"ሰው አያስቀምጥም" የተባለ ቤት ከገጠማችሁ ደግሞ የነገራችሁን ሰው አትሳቁበት፣ ፈርታችሁም አትሩጡ። ቁጭ በሉና ጠይቁ። የትኛው ክፍል? በየትኛው ወር? በስንት ሰዓት? በሩ ዝግ ነበር? ውስጥ ምን ነበር? እኔ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ጠይቄ ቢሆን ልጄ ደፍ ላይ አትወድቅም ነበር። ጸሎቱንም አልተውንም። የነፍስ አባታችን ተመልሰው መጥተው ለሞቱት ፍትሐት አደረጉልን፣ ስማቸውን የነገሩን እማማ ናቸው። ያን ቀን መጀመሪያ ጊዜ ወደ ውስጥ ገቡ። ጓዳዋ ድረስ ሄደው መስኮቱን በእጃቸው ዳሰሱት።

ቡና አሁን በረንዳው ላይ ነው የሚፈላው። ዕጣን ሳሎን ውስጥ በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ይጨሳል። እናቴ በሁለት ብርድ ልብስና በሙቅ ውኃ ጠርሙስ ትተኛለች። ውጭ አገር ያለች እህቴ ጋዙ ሲመጣ የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ ላከችልን፣ አልጋው አጠገብ ሰቅለነዋል።

ኅዳር ሲገባ እማማ ምጣዳቸውን ካወረዱ በኋላ በራቸው ላይ ይቆማሉ። ቅያሱን ተሻግሮ በሚሰማ ድምፅ "ልጄ! መስኮቱን ከፍታችኋል?" ይሉኛል። "ከፍተናል እማማ" እላቸዋለሁ። አንዳንድ ማታ ራሳቸው ዞረው ከኋላ አይተው ነው የሚገቡት።